አንድ ብሎን፣ አራት ጎማ፦ «ቲዩን ቱ ዊን»ን ከቆሼ ሆኖ ማንበብ

ቆሼ አካባቢ አንድ ጋራዥ በር ላይ ጥቂት ብትቆሙ ይቺን ነገር መስማታችሁ አይቀርም፦ «ፊቱን ትንሽ አጥብቅልኝ።» ሚኒባሱ ኮረኮንቹ ላይ ሆዱን እየመታ ሹፌሩን አስቸግሮታል። መካኒኩ ከሥር ይገባል፣ ብሎን ያዞራል፣ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል። «አሁን ጠነከረ» ተብሎ ሒሳብ ይከፈላል።

እኔም የምህንድስና ዲግሪ ይዤ «ጠነከረ» እል ነበር። ከዚህ ያወጣኝ የውድድር መኪና መጽሐፍ ነው፦ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የካሮል ስሚዝ «ቲዩን ቱ ዊን»። ስሚዝ በ1960ዎቹ በፎርድ ጂቲ 40 የውድድር ሥራ ውስጥ ያለፈ ሰው ነው፤ አጻጻፉም እጁ ግራሶ የነካው ሰው አጻጻፍ ነው። መለኪያዎቹ በፓውንድና በኢንች ስለሆኑ መጀመሪያ ላይ ያናድዷችኋል። ታገሱት።

የመጽሐፉ ትልቅ ብልሃት ከሞላ አለመጀመሩ ነው። የሚጀምረው ከጎማ ነው። ጎማ ላይ ክብደት ስትጨምሩ መሬት የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፣ ግን በእኩል ልክ አይደለም። ለምሳሌ ያህል ቁጥር ላስቀምጥ፦ ሁለት የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው 400 ኪሎ ቢሸከሙና እያንዳንዳቸው በ400 ኪሎ ኃይል መሬቱን ቢይዙ ድምሩ 800 ነው። አሁን ኩርባ ላይ የውጪው 600፣ የውስጡ 200 ተሸከመ እንበል። የውጪው 600 አይሰጣችሁም፣ 540 ቢሰጥ ነው፤ የውስጡ 220። ድምሩ 760። ጠቅላላ ክብደቱ ያው ነው፣ 40ው ግን የለም።

ሞላ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ኩርባ ላይ ከውስጥ ወደ ውጪ የሚዛወረው ጠቅላላ ክብደት በፍጥነቱ፣ በመኪናው ቁመትና በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ባለው ርቀት ይወሰናል። ሞላ ድምሩን ብዙም አይለውጠውም፤ ከፊትና ከኋላ ማን ይበልጥ ይሸከም የሚለውን ግን ይወስናል። የፊት ሞላ ሲጠነክር ፊት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፣ የፊት ጎማዎች ይከስራሉ፣ መሪ ብታዞሩም መኪናው ወደፊት ልሂድ ይላል።

እሺ፣ ወደ ብሎኑ እንመለስ። የቆዩት ሃይስ ሚኒባሶች ፊት ላይ ጥቅል ሞላም ባሌስትራም የለም፤ ቶርሽን ባር የሚባል፣ ሲጠመዘዝ ለመመለስ የሚታገል ቀጥ ያለ ዘንግ ነው ያለው። ብሎኑ የዘንጉን አንድ ጫፍ ያዞራል። ዘንጉ ግን አልወፈረም፣ አላጠረም። 1 ሴንቲሜትር ለመውረድ 50 ኪሎ ይፈልግ ከነበረ አሁንም የሚፈልገው ወደዚያው ገደማ ነው። የተለወጠው የመኪናው ከፍታ ነው። ታዲያ ለምን የጠነከረ ይመስላል? ጎማው ወደታች የሚዘረጋበት ቦታ ስላለቀበት፣ ጉድጓድ ላይ ቶሎ ጫፉ ላይ ደርሶ ስለሚመታ። (ሞላ አስቆርጣችሁ መኪና ዝቅ የምታደርጉ ደግሞ ተቃራኒውን ታገኛላችሁ፦ ከ10 ጥቅል 2 ሲቆረጥ የቀረው ሞላ 25 በመቶ ይጠነክራል።)

እስካሁን ስሚዝን አመሰገንኩ። የምከሰው በሌላ ነው። የእሱ መኪና በአብዛኛው ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ አስፋልት ላይ የሚሮጥ መኪና ነው። የአፈር ውድድር ሰዎች በዚህ ይስቃሉ። በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን የኦሃዮውን ኤልዶራ ውሰዱ፦ ዙሪያው 800 ሜትር ገደማ የሆነ የሸክላ አፈር ሞላላ ሜዳ። መኪናው የሚዞረው ወደ ግራ ብቻ ስለሆነ አራቱ ማዕዘኖች አራት የተለያየ ሞላ ሊኖራቸው ይችላል። አፈሩም ማምሻውን እርጥብና ያዝ የሚያደርግ ሆኖ ይጀምርና እየደረቀ እንደ ሳሙና ይሆናል፤ ቅድም የሠራው ሞላ በኋላ አይሠራም። «ለስላሳ የፊት ሞላ ነዳጅ ሲለቀቅ ክብደት ወደፊት ያመጣል» ይላሉ። ግማሹ ልክ ነው። የሚመጣውን መጠን የሚወስነው የፍጥነት መቀነሱና የመኪናው ቁመትና ርዝመት ነው፤ ለስላሳው ሞላ አፍንጫውን የበለጠ ያስደፋል፣ ጎማውንም ከጎድጓዳው አፈር እንዳይለይ ያደርጋል።

እነዚህ ሰዎች ግን አንድ ነገር አጥብቀው ያውቃሉ። ሻይ ቤት ጠረጴዛ አንድ እግር ሥር ካርቶን አጥፋችሁ አስገቡ። ያ እግርና በሰያፍ ከሱ ትይዩ ያለው ይከብዳቸዋል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ይቀላቸዋል። የአፈር ተወዳዳሪዎች ይህን ሆን ብለው፣ በአራት ሚዛን እየለኩ ያደርጉታል። እኛስ? እኛ ሳናውቅ እናደርገዋለን።

የአጎቴ ሚኒባስ ወደ ግራ ዘመም ብሎ ነበር። «የግራውን ፊት ብቻ አጥብቀው» ያልኩት እኔ ነኝ። መኪናው ቀጥ አለ፣ ተደሰትን። ክረምት ላይ ከአስፋልቱ ወርዶ ላላ ያለ ጠጠር ላይ ፍሬን ሲይዝ የቀኙ የፊት ጎማ ቀድሞ ተቆልፎ ተንሸራተተ፣ መኪናው ወደ ግራ ተጎተተ። ደግነቱ ተሳፋሪ አልነበረም፣ መንገዱ ዳርም ሰው አልቆመም። አጎቴ «ጎማው ነው» አለ። ጎማው አልነበረም። በእኔ ብሎን ምክንያት የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ ከብደው፣ የቀኝ ፊትና የግራ ኋላ ቀልለው ነበር።

መጽሐፉን ካገኛችሁት ስለ ጎማና ስለ ክብደት መዛወር የሚያወሩትን የመጀመሪያ ምዕራፎች ሁለቴ አንብቡ፤ ቁጥሮቹን ግን ለሚኒባስ አትቅዱ። አራት ሚዛን ባይኖራችሁም ሜትር አይጠፋም። ደልዳላ መሬት ላይ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ያለውን አራቱንም ለኩ፣ ብሎኑ ስንት ዙር እንደዞረ ጻፉ፣ ከፊት በፊት ኋላውን እዩ። እኛ ይህን ያደረግነው ዘግይተን ነው። ብሎኑን ወደነበረበት መልሰን የግራ ኋላውን ባሌስትራ ስናስፈታ፣ ከተደራረቡት ብረቶች አንዱ ተሰብሮ ቆይቷል።