የዘመን ባለቤት፦ «ዘመን» የሚለው ቃል በአሶሳ

አማርኛ «ዘመን» የሚለውን ቃል ብቻውን ማቆም አይወድም። ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ መሳፍንት፣ በምኒልክ ዘመን፣ በደርግ ዘመን እያለ ባለቤት ይፈልግለታል። በቤኒሻንጉል ምድር፣ በአሶሳና በኩርሙክ የሚነገረው የሱዳን ዓረብኛ ግን «ዘማን» ብሎ ያበቃል፤ «ድሮ» ማለቱ ነው። የማን ድሮ እንደሆነ አይጠየቅም። የቤኒሻንጉል ታሪክ በአማርኛ ሲጻፍ የሚገጥመው ችግር ከዚህ ልዩነት ይጀምራል ብዬ አምናለሁ።

ሁለቱ ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ግዕዝ ዘመንን ሲያበዛ አዝማን ይላል፤ ዓረብኛም እንዲሁ። በዕብራይስጥ ቃሉ የሚገኘው ዘግይተው በተጻፉት መጻሕፍት፣ በመክብብ፣ በአስቴርና በነህምያ ነው። ነህምያ ለንጉሡ የመመለሻውን ቀን ሲቆርጥ፣ ዳንኤልም በአራማይክ የባቢሎኑን ንጉሥ ሕልም የሚፈታበትን ቀን ሲለምን ይህንኑ ቃል እናገኛለን። ስለዚህ በጥንቱ አገባብ ዘመን የተቆረጠ ቀን ነበር፤ ረጅም የዓመታት ጉዞ የሆነው በኋላ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ምንጭ ያከራክራል። አንዳንድ ሊቃውንት ከጥንት ፋርስ፣ ሌሎች ከአካድኛው «ሲማኑ» ያመጡታል። ሲማኑ «ተገቢው ጊዜ» ማለት ሲሆን የባቢሎናውያን ሦስተኛ ወር ስምም ነበር፤ የአይሁድ ወር ሲዋን የወረደው ከእርሱ ነው። የተቆረጠ ቀን ለተገቢው ጊዜ ስለሚቀርብ እኔ ወደ አካድኛው አዘነብላለሁ። ሱርስጥ «ዘብና» ይላል፣ ትግርኛ «ዘበን»፣ አማርኛም ሲያሻው «ዘበናይ»። ይሁንና «መ» እና «በ» ሁለቱም የከንፈር ድምፆች በመሆናቸው በቀላሉ ይለዋወጣሉ፤ ቃሉ በሱርስጥ በኩል መጣ ለማለት ይህ ብቻውን አይበቃም።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት (1948 ዓ.ም.) ግዕዝን ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስጥና ከዓረብኛ ጋር ማመሳከሩ ትልቅ ውለታ ነው። ንጽጽሩ የቆመው ግን በመጻሕፍት ቋንቋ ላይ ነው። አሶሳ የደረሰው ዓረብኛ በጀላባ፣ ማለትም በሱዳን ተጓዥ ነጋዴ አፍ፣ በወርቅና በጨው ገበያ፣ በቁርኣን መምህራን ጉባኤ የመጣ ነው። ይህ መንገድ ለአማርኛ መዝገበ ቃላት እስካሁን ባዕድ ሆኖ ቀርቷል።

የመንገዱ መዘንጋት ወደ ታሪክ አጻጻፍም ተሻግሯል። የትምህርት ቤት መጻሕፍታችን እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1855 ያለውን ዘመነ መሳፍንት ይሉታል። ለጎንደርና ለየጁ የሚስማማ ስም ነው። የአሶሳ ዙሪያ የሆነው የበርታ ሕዝብ አገር ግን በዚያን ጊዜ ዓይኑ ወደ ሱዳኑ ሴናር ነበር፤ መጀመሪያ የፉንጅ ሱልጣኔት፣ እ.ኤ.አ. ከ1821 ጀምሮም የግብፅ ቱርኮች ወርቅ ፍለጋ የሚመጡበት ምድር ነበር። ሱዳኖች የቱርኮቹን ጊዜ «ቱርኪያ»፣ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1898 ያለውን የመህዲ መንግሥት ጊዜ «መህዲያ» ይሉታል። የምኒልክ ጦር አዛዥ ራስ መኮንን ወደዚህ ምድር የዘመቱት በ1890 ዓ.ም. ነው፤ ከሱዳን ጋር ያለው ወሰን የተቆረጠውም በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ነው። የታሪክ ምሁሩ አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ19ኛውን መቶ ዓመት ቤላ ሻንጉል (ቤኒሻንጉል) በርእሱ ባለቤት አልባ ምድር ብሎታል። የደጋውን ዘመን በዚህ ምድር ላይ መጫን ሰዎቹ ያልኖሩትን ኑሮ ማደል ነው።

«ዘመናዊ» የሚለው ቅጽል ነገሩን ያከብደዋል። በአሶሳ ዓረብኛ ዘማን ወደ ኋላ ሲያይ፣ የአማርኛው ዘመናዊ ወደ ፊት ይሮጣል፤ «ማዘመን» የሚለው ግስም ተከትሎት የቢሮ ቋንቋ ሆኗል። ባለቤቱ ባይጠራም የታወቀ ነው፦ አሁን የሚያዝዘው። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ መንግሥት ከወሎ ብዙ ሰው አንሥቶ አሶሳ ዙሪያ ሲያሰፍር፣ በትራክተር የሚታረሰው የጋራ እርሻ ዘመናዊ ተባለ። የበርታ ገበሬ መሬቱን እያሳረፈ በዶማ የሚያርሰው እርሻ ሳይጠየቅ የድሮ ሆነ። ሰፋሪውም ቢሆን ምርጫው አልተሰጠውም።

ታዲያ የአካባቢውን ስም በባለቤትነት ቦታ ላይ ማስቀመጥ መፍትሔ ይሆናልን? «በሼህ ሆጀሌ ዘመን» የሚለው አነጋገር በእርግጥ ለአሶሳ ከዘመነ መሳፍንት ይሻላል። የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ከመህዲያ መጨረሻ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘልቀው እ.ኤ.አ. በ1938 አርፈዋል፤ አንድ ሰው ሦስት መንግሥት ማየቱ ራሱ የዘመን መለኪያ ያደርገዋል። ግን ለአዲስ አበባ የሚገብሩት ወርቅ ብቻ አልነበረም፣ ሰውም ነበር። ከጉሙዝ፣ ከማኦና ከኮሞ መንደር ታፍኖ ለተሸጠው ሰው ያ ጊዜ የሼሁ ዘመን ተብሎ መጠራቱ ሁለተኛ ግብር ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው የልጅ ልጆች ስም ያልተለጠፈበት «ዘማን» የበለጠ እውነት ይናገራል፤ የክልሉን ታሪክ በአማርኛ የሚጽፍም «ዘመነ» ከማለቱ በፊት ቀጥሎ የሚጽፈው ስም በማን ጫንቃ ላይ እንደተቀመጠ ማጣራት አለበት።