ኅብረ ቃሉ የት አለ?

የከተማ አውቶቡስ ወይም ባቡር ማስታወቂያ ረቂቅ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ ጽሑፉን በእጄ እሸፍናለሁ፤ ቀጥሎ ዓርማውን። የቀረው ሥዕል ስለ መንገድና ስለ መድረስ ምንም ካልነገረኝ፣ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ሐሳብ የለውም ማለት ነው። አብዛኛው ረቂቅ የሚወድቀው እዚሁ ነው። ፈገግ ያለ ቤተሰብ፣ የምትወጣ ፀሐይ፣ ከኋላ የሚያብረቀርቅ አውቶቡስ። አውቶቡሱን አንስታችሁ የባንክ ሕንፃ ብትተኩበት ማንም ልዩነቱን አያይም።

ዓይኑን መግራት ለሚፈልግ ሰው የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ፖስተሮችን የሚያህል ትምህርት ቤት አላውቅም። ፍራንክ ፒክ የማስታወቂያውን ሥራ የተረከበው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ባቡሮቹ ጠዋትና ማታ ይጨናነቁ ነበር፤ እኩለ ቀንና ሰንበት ላይ ግን ብዙ ወንበር ባዶውን ይሄድ ነበር። ስለዚህ ፒክ ሠዓሊዎቹን በአብዛኛው ያሣላቸው ባቡሩን ሳይሆን ባቡሩ የሚያደርስበትን መናፈሻ፣ ሙዚየምና ገጠር ነበር። ልክ ነበር። ወንበር ላይ ለመቀመጥ ብሎ ትኬት የሚቆርጥ የለም።

ከሁሉም አብልጬ የምወደው ግን በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዴቪድ ቡዝን ፖስተር ነው። ቴት የሥዕል ማዕከልን በባቡር ጎብኙ ይላል። የሚታየው አንድ የሠዓሊ ቀለም ቱቦ ብቻ ነው፤ ከውስጡ ተጨምቆ የወጣው ቀለም ግን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ እየሆነ ተዘርግቶ የባቡሩን ካርታ ሠርቷል። ቱቦው ላይ የተጻፈው ማዕከሉ አጠገብ ያለው የፒምሊኮ ጣቢያ ስም ነው። የለንደን ሰዎች ባቡራቸውን «ቲዩብ» ይሉታል፤ የቀለሙም ቱቦ በቋንቋቸው «ቲዩብ» ነው። ይህ እኮ የእኛ ቅኔ ነው! ሰሙ ቀለም፣ ወርቁ ባቡር፣ ኅብረ ቃሉ ያችው አንዲት ቃል። ቱቦውን ብታነሡ ካርታው ይጠፋል፤ ካርታውን ብታነሡ የሥዕል ማዕከሉ ይቀራል እንጂ መንገዱ የለም። በ1938 እ.ኤ.አ. ሠዓሊው ማን ሬይ የባቡሩን ዓርማ፣ ቀለበቱንና መሐሉን የሚያቋርጠውን አግዳሚ፣ ባለ ቀለበቷ ሳተርን አጠገብ እንደ ፕላኔት ሲያንሳፍፈውም የሠራው ይህንኑ ነው። ረቂቅ ስትመረምሩ ኅብረ ቃሉን ፈልጉ። ከሌለ፣ ጌጥ ብቻ ነው የቀረበላችሁ።

የትራንስፖርት ማስታወቂያ ከሌላው የሚለይበት አንድ ከባድ ነገርም አለ፤ የሚያየው ሰው የሚሸጥለት ነገር ውስጥ ነው ያለው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ወር ሙሉ ያየዋል። ባዶ ወንበርና የተዝናና ተሳፋሪ ብትስሉ፣ እሱ አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ተንጠልጥሎ ሲያነበው ያፍርባችኋል። የምትስሉት የምታደርሱትን ብቻ ይሁን።

ቦታውንም አትርሱ። ጣቢያ ላይ የሚለጠፍ ሥዕል የሚጠብቅ ሰው ያነበዋል፤ ዝርዝር ይችላል። የአውቶቡስ ጎን ላይ ያለው ግን ከእግረኛው ፊት በሰከንዶች ያልፋል። አንድ ጊዜ የሴት ፊት በትልቁ የተሣለበት አውቶቡስ አይቼ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ግሩም ሳይሆን አልቀረም። ፌርማታ ደርሶ በሩ ሲታጠፍ አፍንጫዋ ለሁለት ተከፈለ፤ አንድ ዓይኗም ወደ ውስጥ ገባ። ስለዚህ ረቂቁን በሩ ክፍትም ዝግም ሆኖ፣ ጎማውና መስኮቱ ሳይቀር በትክክለኛው ልክ ተሥሎ ካላየሁ አልፈርምም።

እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት ጽሑፍ የሌለውን ሥዕል ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መገናኛ ሰልፍ ውስጥ ቁሙ። ከፊታችሁ ላለው ሰው ለአፍታ አሳዩትና ስልኩን መልሱ። የጉዞ ነገር ካነሣ አትሙት። «ምንድን ነው እሱ?» ካላችሁ ለሠዓሊው መልሱለት።