አንድ መስኮት ለምን አይተርፍም?

ባለፈው ክረምት ከዚራ ውስጥ፣ ዘወትር ዛፍ ጥላ ሥር ከምንሰበሰብበት ሻይ ቤት፣ ሁለት ጓደኞቼ በአንድ ልቦለድ መጨረሻ ተጣልተው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይነጋገሩ ቀሩ። አጋነንሽ የሚለኝ ይኖራል። አላጋነንኩም። አንዷ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነስታ ባጃጅ ይዛ ሄደች፤ ሌላዋ "ትሂድ አቦ" ብላ የተረፈውን ባጊያ በላችው።

ያጣላቸው መጽሐፍ የእንግሊዛዊው ፊሊፕ ፑልማን "ሂዝ ዳርክ ማቴሪያልስ" ነው። ሦስት ቅጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995፣ በ1997 እና በ2000 ወጣ። ሦስተኛው "ዚ አምበር ስፓይግላስ" ለ2001 የዊትብሬድን የዓመቱ መጽሐፍ ሽልማት ሲወስድ ይህን ያገኘ የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፍ ሆኗል። የልጆች የሚለው ቃል ግን እንዳያታልላችሁ። እኛ ዘንድ የደረሰው አንደኛዋ ጓደኛዬ አጎቷ ከውጭ ይዞላት በመጣው፣ ጀርባው በፕላስተር በተያዘ ኮፒ ነው፤ ስድስት ሆነን ተቀባብለን ስንጨርሰው አምስት ወር ፈጀ። ያላነበባችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙ። መጨረሻውን ሳልናገር ስለ መጨረሻው መጻፍ አልችልበትም።

ባጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው። ላይራ የምትባል ልጅ አለች፤ ከምናውቀው ኦክስፎርድ ጋር በሚመሳሰል ሌላ ኦክስፎርድ፣ በሌላ ዓለም ነው ያደገችው። እዚያ የሰው ነፍስ ከውጭ ሆና በእንስሳ መልክ አብራው ትኖራለች። ፑልማን "ዲመን" ይላታል። (ይህን ለአያቴ ሳስረዳ "ጋኔን ያላት ልጅ ናት?" ብለው አማተቡ። አይደለም ብል ማን ሊሰማኝ!) ዊል ደግሞ የእኛው ዓለም ልጅ ነው፤ እጁ የገባው ረቂቅ ቢላ አየሩን ቀዶ ወደ ሌላ ዓለም መስኮት ይከፍታል። ሁለቱ ልጆች እስከ ሙታን አገር ወርደው ለሙታኑ መውጫ ይከፍቱላቸዋል። በመጨረሻም ይዋደዳሉ።

የዋህ አንባቢ እዚህ ላይ እፎይ ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ከዚያ በጥቂት ገጾች ውስጥ ሁሉም ይገለበጣል። ለካ ቢላው በቀደደ ቁጥር ነፍስ የሚበላ ጥላ ይወለዳል፤ በቀዳዳውም ሰውን አሳቢና አስተዋይ የሚያደርገው "አቧራ" ይፈስሳል። ስለዚህ መስኮቶቹ ሁሉ መዘጋት አለባቸው። አንድ ብቻ ክፍት ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ እሱም ለሙታኑ መውጫ መሆን አለበት። አንዳቸው ከሌላው ዘንድ ሄደው እንዳይኖሩ ደግሞ ሰው ከተወለደበት ዓለም ውጭ አሥር ዓመት ያህል ቢቆይ ነው፤ ዲመኑ ታምማ ይሞታል። እናም ይለያያሉ። በኦክስፎርድ የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ በሁለቱም ዓለም ያለ አንድ ወንበር አለ፤ በየዓመቱ በበጋው አጋማሽ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ እያንዳንዳቸው በየዓለማቸው እዚያ ሊቀመጡ ይማማላሉ። አለቀ።

እኛ ጋ ነገሩ እንደ ከዚራና መጋላ ለሁለት ተከፈለ፤ ደቻቱ መሀላችን። ግማሹ "ከዚህ የበለጠ መጨረሻ አንብቤ አላውቅም" አለ። ግማሹ "ተጭበረበርን" አለ። ተነስታ የሄደችው ጓደኛዬ ከተጭበረበሩት ወገን ናት፤ ክርክሯም የዋዛ አልነበረም። "ሕጉ ለምን መጨረሻ ላይ ተነገረን? ሁለት ቅጽ ሙሉ ቢላው ሲቀድ ሲቀድ ከርሞ፣ ልጆቹ ሲሳሳሙ ነው እንዴ ዋጋው ትዝ ያላቸው?" ነው ያለችው። በመጽሐፉ ፍትሕ መልስ አለ፤ ጥላዎቹ ከሁለተኛው ቅጽ ጀምሮ አሉ፣ የዊልም አባት ከዓለሙ ርቆ ኖሮ ታምሞ እናገኘዋለን። ፍንጩ ተጥሏል። ፍንጭ መጣል ግን አንድ ነገር ነው፣ አንባቢን ማሳመን ሌላ ነው።

ሦስተኛ ወገንም ነበር፤ እሱን የከነከነው ፍቅሩ ሳይሆን የፈጣሪ ነገር ነው። ድሬ ውስጥ የአዛንና የቅዳሴ ድምፅ እየተቀባበለ ስላደግን ይህን ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። በመጽሐፉ "ባለሥልጣኑ" የሚባለው አምላክ ዓለምን አልፈጠረም፤ ከሁሉ ቀድሞ የተገኘ መልአክ ሆኖ ሳለ ኋላ ለመጡት "እኔ ነኝ የፈጠርኳችሁ" ብሎ የዋሸ ነው። አሁን ጃጅቶ በመስታወት አልጋ ይሸከሙታል፤ ልጆቹ አዝነውለት ሲከፍቱት ነፋስ ነክቶት ይበተናል። ሥልጣኑን የያዘው እንደራሴው ሜታትሮን ነው። ሜታትሮን ማን ነው? ድሮ ሰው ሳለ ስሙ ሄኖክ ነበር፤ የያሬድ ልጅ ሄኖክ።

ወንድሜ ስሙ ሄኖክ ነው። ይህን ገጽ ሳነብ ጮክ ብዬ ስቄያለሁ፣ ከዚያ ሳቄ ቆመ።

ምክንያቱም ሄኖክ የኛ ነው ማለት ይቻላል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ጄምስ ብሩስ የሚሉት ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ ገባ፤ አንዱ የተቀመጠው ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ያሳተመው ከዚሁ ቅጂ ነው። ላይራ በጣሪያ ላይ ስትሮጥ ያደገችበት ከተማ ማለት ነው። ሄኖክ ወደ ሜታትሮንነት ተለወጠ የሚለው ታሪክ ግን ከኛ መጽሐፍ አልመጣም፤ ከአይሁድ ጽሑፎች ነው። በግዕዙ ሄኖክ ጸሐፊ ነው። ከሰው ሴቶች ልጆች ጋር የወደቁት 200 ትጉሃን መላእክት "አማልደን" ብለው ሲለምኑት ልመናቸውን ጽፎ ያደርሳል፤ መልሱ እምቢ ሲሆን እምቢታውን ይነግራቸዋል። ፑልማን ምን እንዳደረገው ተመልከቱ፦ ሜታትሮን በወይዘሮ ኮልተር ውበት ተታሎ ይከተላታል፤ እሷና ሎርድ አዝሪየል እየታገሉት ሦስቱም ገደል ይገባሉ። በሴት የወደቁትን መላእክት የገሠጸው ሰው፣ መልአክ ሆኖ በዚያው በሴት ወደቀ። ብትቀበሉትም ባትቀበሉትም ትልቅ ምፀት ነው፤ መጽሐፈ ሄኖክን በቀኖናው የያዘ አገር አንባቢ ደግሞ ከማንም በፊት ሊያየው ይገባል። እኛ ጋ መጀመሪያ ያየችው ግን ሙስሊሟ ጓደኛችን ናት። "እሱማ ነቢዩ ኢድሪስ ነው የሚባለው!" ብላ መጽሐፉን ዘጋች። ማታ መልሳ ከፈተችው። በኋላ ያነሳችው ቅሬታ የሃይማኖት አልነበረም፤ "ሦስት ቅጽ ስንጠብቀው የነበረው ጦርነት በንፋስ አለቀ" አለች። እዚህ ላይ ከእሷ ጋር ነኝ። የባለሥልጣኑ አሟሟት ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ትዕይንቱ ግን ይቸኩላል።

አሁን ወደ አሥር ዓመቱ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነውና።

እናቴ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ 11 ዓመቷ ነው። የተማርኩበት፣ የለበስኩት፣ ይህን የምጽፍበት ስልክ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። እና አንድ የኦክስፎርድ ሰው ከዓለምህ ውጭ አሥር ዓመት ከቆየህ ነፍስህ ታምማለች ሲለኝ ምን ልበል? መጀመሪያ ተናደድኩ። ከአገሩ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ሕግ ነው አልኩ። ከዚያ የእሷን ድምፅ አሰብኩ፤ በየዓመቱ እንዴት እየቀጠነ እንደሄደ፣ ስለ ቤታችን ስትጠይቅ ያለችበት ሳይሆን የተወችው ቤት እንደሆነ። በሩን ቀይረነዋል እኮ፣ እሷ ግን አሁንም ስለ ድሮው በር ትጠይቃለች። ንዴቴ አልጠፋም። ግን መጽሐፉን ውሸታም ማለት አቃተኝ።

አንድ አርብ ደውላ ታሪኩን ነገርኳት። ወንበሩ ጋ ስደርስ ዝም አለች።

"በዓመት አንዴ ነው የሚቀመጡት?"

"አዎ እማዬ።"

"ጥሩ ነው እኮ" አለች። የእሷ ፈቃድ በሁለት ዓመት አንዴ ነው።

የፑልማንን መጨረሻ የሚወዱት "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ይጠሩልኛል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ሰብለ ፍለጋ ወጥታ በዛብህን የምታገኘው ሊሞት ሲል ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያለቀሰ ትውልድ ዛሬም አለ፣ "ምነው ባይሞት" የሚልም አለ። ስለዚህ መለያየት ለኛ አንባቢ አዲስ አይደለም ይላሉ። ልክ ነው። ልዩነቱ ግን የት እንዳለ ላሳያችሁ። ሰብለና በዛብህን የለያያቸውን እናውቀዋለን፤ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ነው፣ ዘር የሚቆጥር ሥርዓት ነው። መጽሐፉን ስትዘጋ የምትቆጣው ሰው አለህ። ላይራንና ዊልን የለያያቸው ማን ነው? ማንም። የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ አንዲት መልአክ መጥታ አረጋገጠችው። የሚሰደበው ሰው የለም።

እዚህ ላይ ነው ከወዳጆቹ ወገን የምለየው። ሦስት ቅጽ ሙሉ "ከላይ የመጣ ቃል ነው ተብሎ አይታመን፣ ጠይቅ" ብሎ ያስተማረን ደራሲ፣ መጨረሻው ላይ ሁለት ልጆች መልአክ የነገረቻቸውን ይዘው እንዲሄዱ ያደርጋል። ላይራ እውነት የምትነግራትን መሣሪያዋን፣ አሌቲዮሜትሯን፣ ልትጠይቅ ስትል ማንበቡ ጠፍቶባታል። እንዴት ያመቸ ነገር!

ባጊያውን የበላችው ጓደኛዬ ለዚህ መልስ አላት። "አልታዘዙም እኮ" ትላለች። "አንዷን መስኮት ለራሳቸው ሊይዟት ይችሉ ነበር። ለማያውቋቸው ሙታን ተዉላቸው። ማንም አላዘዛቸውም።" ይህን ደግማ ደጋግማ ከነገረችኝ በኋላ እነዚያን ገጾች እንደገና አነበብኩ። እውነቷን ነው፤ ውሳኔው የልጆቹ ነው። ከመልአኳ ቃል ይልቅ ያ ዝምታ፣ እርስ በርስ ተያይተው ሳይነጋገሩ የተስማሙበት፣ ነው የሚከብደው። ስለዚህ ግማሽ ልቤን ሰጥቻታለሁ። ሌላው ግማሽ አሁንም ሕጉን ማን አወጣው እያለ ነው።

ፑልማን ራሱም የረካ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው "ዘ ሲክረት ኮመንዌልዝ" ላይራ 20 ዓመቷ ነው፤ ከገዛ ዲመኗ ጋር ተኳርፋ እናገኛታለን። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መኖር ቀላል እንዳልነበር ደራሲው ያውቀዋል። በፊልም ያየ ሰው ግን ይህን ክርክር አይገባውም፤ የ2007ቱ ፊልም የመጀመሪያውን ቅጽ መጨረሻ እንኳ ቆርጦ አስቀርቶታል። ከ2019 እስከ 2022 የታየው ተከታታይ ይሻላል፣ ወንበሩ ድረስ ይሄዳል።

ሁለቱ ጓደኞቼ አሁን ይነጋገራሉ። ስለ መጽሐፉ ግን አይደለም፤ እሱን ካነሳን ሻይ ቤቱ ያባርረናል። ባለፈው ሳምንት ከሁለቱ ጋር በድሮው የምድር ባቡር ጣቢያ በኩል ስናልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ደርሶ ከተማችን የተቆረቆረችበት ቦታ፣ ያቺ ተነስታ የሄደችው ቆም አለችና አጥሩን እያየች "እዚህ ስንት ሰው ስንቱን ሸኝቷል" አለች። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ሸኚ ብዙም አይሄድም። ሌላዋ ምንም አላለቻትም። መጽሐፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት፤ ተራው የእሷ ነበር፣ ለሁለተኛ ጊዜ።