የማይደነቃቀፍ ምት
ከሂርና እስከ ጭሮ፣ ከበዴሳ እስከ ገለምሶ፣ በጨርጨር ኮረብቶች ላይ የቆመ የሞባይል ማማ ሁሉ የልብ ምት አለው። ምቱን የሚሰጠው ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል ነው፤ ፍሪኩዌንሲ አመንጪው ቺፕ አባዝቶ ሬዲዮው ወደሚፈልገው መጠን ያደርሰዋል። ቺፑ የራሱን ምት አካፍሎ ከክሪስታሉ ጋር ያለማቋረጥ ያስተያያል፤ ከቀደመ ይገታዋል፣ ከዘገየ ይገፋዋል። ድንቁ ሥራ ይኸው ነው።

ሆኖም ሙቀትና የኃይል መዋዠቅ እያንዳንዱን ምት ከቦታው ጥቂት ያናውጡታል። ጂተር የሚባለው ይህ የጊዜ መንቀጥቀጥ በጥሩ ቺፕ ላይ የሚለካው በፒኮ ሰከንድ ነው፤ ብርሃን እንኳ በ1 ፒኮ ሰከንድ የሚጓዘው 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው! መንቀጥቀጡ ሲበዛ ተቀባዩ 0ን ከ1 መለየት ይሳነዋል፣ ሞገዱም ወደ ጎረቤት መስመር ይፈሳል። የገለምሶ ቡና ነጋዴ ዋጋ ለመጠየቅ ሲደውል ስለዚህ ሁሉ አያስብም፤ ለቺፑ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

ቀስ በቀስ የሚመጣው መዛነፍ ግን ከጂተር የተለየ ነው። እርሱም ወሰን አለው፦ ሰፊ አካባቢ የሚሸፍን ማማ ከ1 ቢሊዮን ምት 50 ብቻ እንዲስት ይፈቀድለታል፤ በ900 ሜጋኸርዝ ይህ 45 ኸርዝ ነው።