ፍቅሯን ማን ይናገርላት?

የታማራ ማርያም ዳዊትን «ፋይንዲንግ ሳሊ» (2012 ዓ.ም.) የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም አዳማ፣ እናቴ ቤት ሆኜ አየሁት። ካናዳ ያደገችው ታማራ፣ ሳሊ የምትባል አክስት እንደነበረቻት ያወቀችው ከጎለመሰች በኋላ ነው። ሳሊ የኢሕአፓውን ጸሎተ ሕዝቅያስን አፍቅራ አገባች፤ ደርግ ሲያሳድዳት ተሰወረች፤ ቤተሰቧም ዳግመኛ አላያትም።

የፊልሙ ብርታት እህቶቿ ናቸው። ለዓመታት የታፈነ ሐዘናቸው ሲገነፍል የተመልካችንም ልብ ይነካል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ድክመቱም የሚመነጨው ከዚያው ነው። ሳሊ ራሷ አትናገርም። እህት የምታስታውሰው ፍቅሩ የነጠቃትን እንጂ ለሳሊ የሰጣትን አይደለም። ስለዚህ ፍቅሩ የመጥፋቷ ምክንያት ሆኖ ይጎላል፤ ደስታዋ መሆኑ ይደበዝዛል።

ፊልሙ ሲያልቅ የእናቴን አልበም ገለጥኩ። አክስቴ በወጣትነቷ ሶደሬ የተነሳችው ፎቶግራፍ ግማሹ በመቀስ ተቆርጧል። ትከሻዋ ላይ የወንድ እጅ ቀርቷል።

«ማን ነበር?» አልኳት እናቴን።

«የማይረባ ሰው ነበር። ምን ያደርግልሃል?»

በፎቶግራፉ ላይ ግን አክስቴ ከልቧ ትስቃለች። እኔ ፊልም ብሠራ የምቀዳው የእናቴን ቃል ነበር ማለት ነው።

ታማራስ ሳሊን ከየት አምጥታ ትጠይቅ? የእኔ አክስት ግን ዝዋይ በሕይወት አለች። ስለዚያ ሰው አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የእኔ ምክንያት ምንድን ነው?