የኮሌጅ ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት፤ የወረደውና የቀረው

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛና 12ኛ ክፍልን የከፍተኛ ትምህርት መሰናዶ አደረጋቸው። ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ይሰጥ የነበረው ትምህርት ወደነዚሁ ክፍሎች ወረደ፤ የብዙዎቹ የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች ዕድሜም ከ4 ዓመት ወደ 3 አጠረ። መነሻ ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም፤ የአገርን ወጪና የወጣቱን ጊዜ ይቆጥባልና።

ስሕተቱ የታየው በአፈጻጸሙ ነው። የወረደው የትምህርቱ ይዘት እንጂ መምህሩ፣ ቤተ ሙከራውና ቤተ መጻሕፍቱ አልነበሩም። ጉድለቱን ይሞላል የተባለው የፕላዝማ ቴሌቪዥንም ለተማሪ ጥያቄ የማይቆም መምህር ሆነ። በእንግሊዝኛ የሚፈሰውን ገለጻ፣ ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ መካነ ሰላም ቤት ተከራይቶ ለሚማር ልጅ መከታተል ምን ያህል ይከብደው እንደነበር መገመት አያዳግትም። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመቱ የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ።

መመለሱ ተገቢ ቢሆንም፣ የበረታው ተማሪ ጉዳይ ግን አብሮ ሊዘነጋ አይገባም። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተከፈቱት የሳይንስና የሂሳብ ማዕከላት የተሻለውን መንገድ ያመለክታሉ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ በመካነ ሰላም ይገኛል። የ12ኛ ክፍል ተማሪ በዕረፍት ቀኑ በዚያ አንድ ኮርስ ቢከታተል፣ ካለፈም ውጤቱ በኋላ ቢታሰብለት፣ ይዘቱና መምህሩ አይለያዩም። ይሁን እንጂ ዕቅዱ ለወግዲና ለሳይንት ተማሪዎች መጓጓዣና ማደሪያ ካላሰበ፣ ዕድሉ የከተማው ልጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል።