ጂፕ የሚታወቀው ከሥሩ ነው

አሮጌ ጂፕ ጋራዥ ሲገባ ሰው ሁሉ የሚሰበሰበው ከፊት ለፊቱ ነው። የራዲያተሩን መከለያ ቀዳዳዎች ይቆጥራል፤ ዘጠኝ ከሆኑ የጦርነት ጊዜ ነው ይላል፣ ሰባት ከሆኑ የሲቪል ነው ይላል። ቆጠራው ስህተት የለበትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሠሩት ዊሊስ ኤምቢ እና ፎርድ ጂፒደብሊው አብዛኞቹ ዘጠኝ ቀዳዳ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ለገበሬና ለነጋዴ የተሸጠው ሲጄ-2ኤ ሰባት አለው። ግን ያ መከለያ በጥቂት ብሎኖች የተያዘ ላሜራ ነው። ሁለት ሰው ከምሳ በኋላ ፈትቶ ከሌላ ጂፕ የመጣውን ሊገጥምበት ይችላል። እኔ የምመዝነው በዚህ ነው፦ በቀላሉ የሚፈታ ዕቃ ስለ መኪናው የሚሰጠው ምስክርነት ቀላል ነው፣ ለመፍታት የሚያስቸግረው ምስክርነቱ ይከብዳል። ስለዚህ ካርቶን አንጥፌ ከሥር እገባለሁ፤ ፊቱን በመጨረሻ አየዋለሁ።

ይህ ልማድ የጸናብኝ ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ውስጥ ስሠራ ነው። አል-ሳሃፋ ከመሀል ከተማው በስተደቡብ ያለ ሰፊ ሰፈር ነው፤ እንደ ዴም ሰፈር ሁሉ የሐበሻ ሰው የበዛበት፣ ከጎንደርና ከመተማ የወጣ ልጅ መጀመሪያ የሚያርፍበት ነበር። ጋራዡ የአንድ ሱዳናዊ ኡስታ፣ የዋና መካኒክ፣ ነበር፤ ሠራተኞቹ ሱዳኖች፣ ኤርትራውያንና እኛ። የዕለት እንጀራችን ሂሉክስና ኮሮላ ነበር። ጂፕ የሚመጣው አልፎ አልፎ ስለሆነ ሲመጣ ሥራ ይቆማል።

አንድ ጊዜ ሽማግሌ ሀጅ አንድ ጂፕ አስጎትተው መጡ። ከአባታቸው የወረሱት ነው፤ በቤተሰቡ ሁሉ “የ1944 ዊሊስ” ተብሎ ይታወቃል። ዘጠኝ ቀዳዳ አለው። በግራው የሻንሲ እግር ላይ የዊሊስ ስም ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ተመትቷል። የፊት ካርዳኑ የለም። “አባቴም የነዱት እንዲሁ በኋላ ጎማ ብቻ ነው” አሉ። የሚፈልጉት ጂፑ እንዲታደስና እውነተኛ ስሙ በወረቀት እንዲጻፍላቸው ነበር።

ስለዚያ ጂፕ ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የተቀላቀለ ጂፕ ሲያይ የኛ አገር ጋራዥ ያበላሸው ይመስለዋል፣ ይህም ያሳዝነኛል። መቀላቀሉ ከመነሻው የታሰበ ነው። በ1940 የአሜሪካ ጦር ቀላል የቅኝት መኪና ሲፈልግ የመጀመሪያውን ሠርቶ ያቀረበው በፔንሲልቬንያ የበትለር ከተማው ትንሽ ፋብሪካ ባንተም ነው። ብዙው ሥራ ግን ለዊሊስ ተሰጠ፤ ዊሊስ ብቻውን እንደማያደርስ ሲታወቅ ፎርድም በዊሊስ ንድፍ እንዲሠራ ተደረገ። ሠራዊቱ አጥብቆ የያዘው የአንዱ ዕቃ ለሌላው እንዲገጥም ነው፤ በግንባር ያለ መካኒክ ሦስት የተመቱ ጂፖችን ፈትቶ አንድ የሚሄድ እንዲያወጣ። ዊሊስ ወደ 360 ሺህ፣ ፎርድ ወደ 278 ሺህ ሠሩ። ከ1944 መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ ኢንዲያና ያለው አሜሪካን ሴንትራል የተባለ ፋብሪካ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቦዲ ያቀርብ ጀመር። ከጦርነቱ በኋላም የፈረንሳይ ጦር ፓሪስ አጠገብ ላ ማልቱርኔ በተባለው ማደሻው ጂፖችን እስከ መጨረሻው ብሎን እየፈታ፣ ሻንሲውን ለብቻ ሞተሩን ለብቻ እያደሰ፣ ተራው የደረሰውን በደረሰው ላይ ይገጥም ነበር። ከዚያ የወጣ ጂፕ ሻንሲውና ሞተሩ አብረው ካልተወለዱ ማንም አይደንቀውም። ሱዳንና ኢትዮጵያ ውስጥ ሰባ ዓመት የሠራ ጂፕ አንድ ዓይነት ሆኖ ቢገኝ ነው መጠርጠር ያለበት።

የ1944ቱ ታሪክ ራሱ የማይሆን አልነበረም። በጦርነቱ ጊዜ ካርቱም ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥተው ወደ ካይሮ የሚሻገሩ አውሮፕላኖች መስመር ላይ ነበረች፤ አሜሪካኖቹም ከከተማዋ በስተሰሜን ዋዲ ሰይድና ላይ ያርፉ ነበር። ኤርትራ ውስጥ ጉራዕ ላይ ትልቅ የአውሮፕላን መጠገኛ ነበራቸው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1943 ከአሜሪካ ጋር የሌንድ-ሊዝ ስምምነት ተፈራርማለች። የጦር ጂፕ ወደዚህ አካባቢ የሚገባበት በር ብዙ ነበር።

እንግዲህ ከሥር። መጀመሪያ የማየው ከራዲያተሩ ፊት ሁለቱን የሻንሲ እግሮች የሚያያይዘውን አግዳሚ ብረት ነው። በጦርነቱ ዊሊስ ላይ ክብ ቱቦ ነው። በፎርዱ ላይ ሆዱ ወደ ታች የተከፈተ ባለ ማዕዘን ብረት ነው። ጣት ሰድዶ ለመዳሰስ እንኳ ይበቃል። የሀጅ ጂፕ ባለ ማዕዘን ነበር። ሰሌዳው ዊሊስ ይላል፣ ብረቱ ፎርድ ይላል።

ሰሌዳ ይፈታል። ዊሊስ የሻንሲ ቁጥሩን ያስቀመጠው ከባምፐሩ ኋላ በግራው እግር ውስጠኛ ፊት ላይ በሪቬት በተመታ ትንሽ ሰሌዳ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ዊሊሶች ሰሌዳቸው ወልቆ ያለ ቁጥር ቀርተዋል፣ ብዙ ሰሌዳዎችም የሌላ ቤት ገብተዋል። በሀጅ ጂፕ ላይ ያሉት ሪቬቶች ትናንት በሽጉጥ የተመቱ የሚመስሉ የአሉሚኒየም ሪቬቶች ነበሩ። ፎርድ ግን ቁጥሩን በብረቱ ላይ ነው የመታው፤ በግራው እግር አናት ላይ፣ ሞተሩ በሚቀመጥበት አካባቢ። እዚያ ቦታ ላይ ሰባ ዓመት የጠጣው ዘይት፣ አሸዋና ቀለም ይጋገራል።

ይህን ቦታ የማጽዳት ሥራ ለወጣት ረዳት ስሰጥ ሁልጊዜ አጠገቡ እቆማለሁ። ግራይንደር እዚህ አይነካም። ነጭ ጋዝ ቀብቶ ማሳደር፣ ጠዋት በእንጨት መፋቅ፣ ቀጥሎ በእጅ የሽቦ ብሩሽ፣ ብሩሹንም በአንድ አቅጣጫ ብቻ። ብረቱ ሲታይ ጠመኔ ይታሻል፣ በጨርቅ ይጠረጋል፤ ጠመኔው በቁጥሩ ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ካልታየ መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን፣ ብረቱን እየታከከ እንዲያልፍ አድርጎ መያዝ ነው። የፋብሪካ ቁጥር እኩል ጥልቀት የለውም፤ አንዱ ጠለቅ አንዱ ረገብ ይላል፣ ፊደሎቹ ግን የአንድ መዶሻ ቤተሰብ ናቸው። በኋላ የተመታ ቁጥር ዙሪያው የተፋቀ ብረት አለበት። በሀጅ ጂፕ ላይ መጀመሪያ የወጣው የጂፒደብሊው ፊደሎች ጭራ ነበር፣ ቀስ እያለ ቁጥሩም ተከተለ። ያልተነካ፣ ንጹሕ የፎርድ ቁጥር።

ሞተሩ ብዙ አላስቸገረም። የጦርነቱ ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር፣ 2.2 ሊትር፣ 60 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ቫልቮቹ በጎን ናቸው፣ ቴስታታው ጠፍጣፋ። ቁጥሩ በብሎኩ ቀኝ በኩል በዘይት ፊልትሩ አጠገብ ነው። ኤምቢ ወይም ጂፒደብሊው ብሎ ከጀመረ የጦርነት ነው፤ በጄ ፊደል ከጀመረ ከጦርነቱ በኋላ ለሲቪል የተሠራ ነው። የሀጅ በጄ ይጀምር ነበር። ሞተሩ በመሠረቱ ያው ስለሆነ ሲገጥሙት ምንም ሳያስተካክሉ ገብቷል። በ1953 የመጣው የሲጄ-3ቢ ሞተር ቢሆን ግን አይደበቅም ነበር፤ የማስገቢያ ቫልቮቹን ወደ ላይ ስላወጣ ቁመቱ ጨምሯል፣ ለእሱ ሲባል ኮፈኑ ራሱ ከፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሕንድ ውስጥ ማሂንድራ ለብዙ ዓመት የሠራው ያንን ባለ ከፍተኛ ኮፈን ነው፤ ዝቅ ያለ ኮፈን የለበሰ ጂፕ ላይ ያንን ሞተር ብናገኝ አንድ ቦታ የተቆረጠ ብረት መኖር አለበት።

ለእኔ የዚህ ሙያ እምብርት ዲፈረንሻሉ ነው። ሰብሳቢዎች ስለ ቁጥርና ስለ ሰሌዳ ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ዲፈረንሻል ግን በትክክል ካልታወቀ ሰው ይጎዳል። የጦርነቱ ጂፕ ጥርሶች 39 ለ8 ናቸው፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ካርዳኑ አምስት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይዞራል። የሲቪሉ 43 ለ8 ነው፤ አምስት ከሢሶ ያልፋል። ይህን ለማወቅ ምንም መፍታት አያስፈልግም። ማርሹን ባዶ አድርጎ፣ ጎማው ላይና ካርዳኑ መግቢያ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ ጎማው አንድ ዙር እስኪሞላ ጂፑን በቀጥታ መስመር መግፋት ነው። አንዱ ከፊት ተኝቶ ይቆጥራል፣ አንዱ ከኋላ። የሀጅን ጂፕ በጋራዡ ግቢ ስንገፋ የኋላው አምስት ከሢሶ አለፈ፤ የፊተኛው አምስት ሳይሞላ ቆመ።

የጠፋው ካርዳን ምሥጢር ይኸው ነው። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት የኋላውን አክስል በሲቪል ቀይሮታል፤ የፊቱ የጦርነቱ እንደሆነ ቀርቷል። ሁለቱ በአራት ጎማ አብረው ሲሠሩ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፤ አሸዋ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ይተነፍሳል፣ አስፋልት ላይ ግን መሪው ይደርቃል፣ ትራንስፈሩ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ይሰበራል። ያ የጥንት መካኒክ ምክንያቱን አወቀውም አላወቀው የፊት ካርዳኑን አውርዶ ገላገለው። በሀጅ ቤት አባት ለልጅ ያወረሰው “በኋላ ጎማ ብቻ ነው የሚሄደው” የሚለው ነገር ከዚያ የመጣ ነው።

ቦዲው ሌላ ታሪክ አለው። መስታወቱ አንድ ወጥ ነበር፣ ከሥሩ የአየር ማስገቢያ ያለው፤ የጦርነቱም የሲጄ-2ኤም መስታወት ለሁለት የተከፈለ ነው፣ አንድ ወጡ ከ1949 እስከ 1953 የተሠራው የሲጄ-3ኤ ነው። የኋላ መዝጊያው በብየዳ ተደፍኗል፤ የጦር ጂፕ ግን ከመጀመሪያው የኋላ መዝጊያ የለውም። ምንጣፉን አንሥተን ወለሉን ስናይ በቀኝ በኩል፣ እግር በሚያርፍበት፣ በላሜራ የተጣፉ ክብ ቀዳዳዎች ተገኙ፤ በእሳት መከላከያው ግድግዳም ላይ በቀኝ በኩል መሪ ያለፈበት ቀዳዳ ተደፍኗል። የጦርነቱ ጂፕ ሁሉ መሪው በግራ ነው። ይህ ቦዲ ግን ባለ ቀኝ መሪ ሆኖ ነው የተሸጠው። ሱዳን እ.ኤ.አ. እስከ 1973፣ ኢትዮጵያም እስከ 1964 በመንገድ ግራ ይነዱ እንደነበር ለሚያስታውስ ይህ እንግዳ አይደለም። መንገዱ ሲገለበጥ መሪው ተሻገረ፣ ቀዳዳውም ተጣፈ። ከስቱኮው ሥር ያለውን ያን የብየዳ ጥፍጥፍ ማንም እንዳይነካው አልኩ፤ ከሰሌዳው ሁሉ ይበልጥ የሚናገረው እሱ ነው።

ስለ ብሎኖችም አንድ ቃል። ፎርድ በብዙ ዕቃዎቹና በብሎኖቹ ራስ ላይ የራሱን ኤፍ ፊደል መትቷል። አንድ ኤፍ ብሎን ማግኘት ምንም አያረጋግጥም፣ ብሎን ከጣሳ ውስጥ ተፈልጎ የሚገባ ነገር ነው። ማንም በማይፈታው ቦታ ላይ ተከታትለው ሲገኙ ግን ይመሰክራሉ። በሀጅ ጂፕ የፊት ባሌስትራ ማሰሪያዎች ላይ ተደርድረው ነበር።

ወረቀቱን እንዲህ ጻፍኩ፦ ሻንሲው ፎርድ ጂፒደብሊው፣ ቁጥሩ የፋብሪካ፤ የፊት አክስልና የራዲያተር መከለያ የጦርነት ጊዜ፤ ሞተሩ ከጦርነት በኋላ፣ ሲቪል፤ የኋላ አክስል ሲቪል፤ ቦዲው ሲጄ-3ኤ፣ ከቀኝ መሪ ወደ ግራ የተዛወረ፤ የዊሊሱ ሰሌዳ የሌላ ጂፕ ነው። መኪናው የሚጠራው በሻንሲው ነው፤ የቀረው በየተራው ተጽፎ ይከተላል።

ሀጅ አነበቡና ዝም አሉ። ቀጥለው “ያ ኡስታ፣ አባቴ ታዲያ ያልሆነውን ነገሩኝ?” ብለው ጠየቁኝ። “አይደለም፣ ያ ሀጅ” አልኳቸው፤ “አባትዎ ሲገዙት ሰሌዳው ላይ ያነበቡትን ነው የነገሩዎት። ጦርነት ያየ ጂፕ ነው፤ ያየው ግን ፎርድ ሆኖ ነው።” አብሯቸው የመጣ ዘመድ የሻንሲውን ቁጥር ከሰሌዳው ጋር ለማስማማት አዲስ ቁጥር እንድንመታ ሐሳብ አቀረበ። አይሆንም አልኩ። የሊብሬውን ጣጣ በወረቀት ማስተካከል ይቻላል፤ አንዴ የተፋቀ ብረት ግን አይመለስም፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣ መካኒክ ሁሉ የሐሰት ምስክር ይዞ ይሠራል። በፊሊፒንስ የሚሠራ አዲስ የጦርነት ቅርጽ ያለው ቦዲ ይግባበት የሚልም ነበር። ጥሩ ላሜራ ነው፣ ሻንሲው ባዶ ቢሆን እኔም እመክር ነበር። የሱዳንን መንገድ በሁለቱም ወገን የነዳ ቦዲ አውልቆ ለእሱ መጣል ግን አልዋጥልኝ አለ፤ ሀጅም አልፈለጉም። ቦዲው ቀረ። ለፊቱ 43 ለ8 ጥርስ ፈልገን ከኋላው ጋር አስማማነው፣ የፊት ካርዳኑም ተመለሰ።

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ እኛም እንደ ሌላው በገላባት በኩል ወደ መተማ ወጣን። አሁን የምሠራው ጎንደር ነው። አሮጌ ጂፕ ሊገዙ ያሰቡ ልጆች በቴሌግራም ፎቶ ይልኩልኛል፣ ሁሉም ከፊት ለፊት የተነሡ። “ጋሼ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው?” ይላሉ። እኔም ሦስት ፎቶ መልሼ እጠይቃለሁ፦ አንዱ ከራዲያተሩ ፊት ከሥር ያለው አግዳሚ ብረት፣ ሁለተኛው የግራው ሻንሲ እግር አናት ሞተሩ አጠገብ፣ ሦስተኛው ምንጣፍ የተነሣበት ወለል በቀኝ በኩል። ባለቤቱ ምንጣፉን አላነሣም ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ እላቸዋለሁ፤ ካነሣ ደግሞ ጠመኔ ይዘው ሄደው ጎማውን አንድ ዙር ይግፉና ከፊትም ከኋላም ቆጥረው ይደውሉልኝ።